ከተቆለፈው ካርድ ክፍል የመጣው ጥያቄ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ብድግ ብዬ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ጂን፣ ጥላ፣ የሌለ ሰው ድምፅ የሚባለውን ማመን ቀርቶ ለመስማትም ትዕግሥቱ አልነበረኝም፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ደግሞ ሁሉ ነገር ምክንያት አለው ብሎ ካላመነ ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ ይሄን የምነግርህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፣ ለአንድ ሰው ተናግሬ ቢቀለኝ ብዬ ነው፣ ብታምነኝም ባታምነኝም።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ በኮንትራት እሠራ ነበር። ደሴ የተሻለ ሥራ አይጠፋም ነበር፣ ግን እናቴን ለማን ትቼ ልሂድ? ስኳር አለባት፣ ጆሮዋም ደክሟል፣ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ክትትሏም እዚያው ክሊኒክ ነው፣ ቀጠሮዋ ሲደርስ አጠገቧ እቀመጥና የካርድ ክፍሏ እትዬ ብዙነሽ በመስኮት “ፋጡማ ይማም” ብለው ሲጣሩ፣ እሷ ስለማትሰማ “አቤት” የምለው እኔ ነበርኩ። ልማድ ሆኖብኝ ስሟን በሰማሁ ቁጥር አፌ ቀድሞኝ ይመልስ ነበር።

ታዲያ ክሊኒኩ ሥራውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲያዞር ሰርቨሩ፣ ማለት ከየክፍሉ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልሰው ዋናው ማሽን፣ ከካርድ ክፍሉ በቺፑድ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ተቀመጠ፣ እኔም አብሬው ተቀመጥኩ። አንድ በሽተኛ ሲጠራ ሲስተሙ ላይ ሦስት ደረጃ ያልፋል፤ ተጠራ፣ መለሰ፣ ገባ። የተከሉልን ልጆች ከአዲስ አበባ መጡ፣ የሐይቁን ዓሣ በሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ የሚያነሳልኝ ጠፋ።

ሲስተሙ ቀን ቀን ደህና ይሠራል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከመግሪብ አዛን ትንሽ ቀደም ብሎ ግን ቀጥ ይላል፣ ላብራቶሪው አይከፍትም፣ ፋርማሲው አይከፍትም፣ ነርሶቹ ሁሉ ስሜን እየጠሩ “ኑሩ! ኑሩ!” ይሉኛል። አጥፍቼ አስነሳዋለሁ፣ በማግሥቱ ያው ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር መጀመሪያ ቀለደብኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣኝ፣ በመጨረሻ ቢሮው ጠርቶ ነገ ማታም ከቆመ ወደ ወረቀቱ እንመለሳለን፣ አንተም ወደ ደሴህ ትሄዳለህ አለኝ። እናቴን የት ጥዬ?

በማግሥቱ ጠዋት የጥያቄ መከታተያውን ለመክፈት ተቀመጥኩ። ነገሩ ቀላል ነው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከየት መጣ፣ የትኛው ደረጃ ላይ ምን ያህል ቆየ የሚለውን ሰርቨሩ ራሱ ዱካውን እንዲያሳይህ ታዘዋለህ። ቀላል ነው አልኩህ እንጂ ወላሂ አንጀቴን ነው ያሳረረው፣ አንድ ቅንፍ ብረሳ ሰርቨሩ አልነሳም አለ፣ ሲነሳ ደግሞ ሁሉንም ጥያቄ ተከታተል ስላልኩት መከታተሉ ራሱ ጭነት ሆኖበት የባሰ ተንቀራፈፈ፣ ነርሶቹ እንደገና ጮሁብኝ፣ መሐል ላይ መብራት ሄደ፣ ጄነሬተሩ አልነሳ አለ። በስንት ስድብ የቆየውን ጥያቄ ብቻ እንዲያሳይ አድርጌ አስተካከልኩት።

እትዬ ብዙነሽ ክፍላቸውን ቆልፈው ሊሄዱ ሲሉ ብቅ ብለው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፣ ማን እየጠራ እንደሚያስቆመው ለማየት ነው አልኳቸው። ሳቅ አላሉም። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ ግን እንደኛው ወላሂ ብለው ነው የሚምሉት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በዚያ መስኮት የሰው ስም ጠርተው እንደማያውቁ፣ ወጥተው በእጃቸው ጠቅሰው እንደሚያስገቡ ነገሩኝ። ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ እኛ አገር ሲመሽ ከደጅ ስምህን የጠራህን ድምፅ ደጋግሞ ካልጠራህ አቤት አትለውም፣ የማን እንደሆነ አታውቅማ። ያኔ ግን የአሮጊት ነገር ብዬ ተውኩት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ተነሣ፣ የእኔ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። አንድ መስመር ወጣ። የመጣበት፦ ካርድ ክፍል። ደረጃ፦ ተጠራ። እሱ መልስ እስኪያገኝ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ከኋላው ተሰልፏል። በሽታውን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ካርድ ክፍሉ መቆለፉ ትዝ አለኝ። እትዬ ብዙነሽ የክፍላቸውን ኮምፒውተር ሳያጠፉት ሄደው ነው ብዬ የካርድ ክፍሉን ኬብል ከሰርቨሩ በኩል ነቀልኩት። መስመሩ አልጠፋም፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ያው መስመር ተመልሶ መጣ፣ ኬብሉ በእጄ እንደተንጠለጠለ።

ከቺፑዱ ወዲያ የካርድ መሳቢያ ሲሳብ ሰማሁ። ያ የቆርቆሮ መሳቢያ ሲከፈት የሚያወጣውን ድምፅ እዚያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አይጥ ነው አልኩ። መሳቢያው ቀስ ብሎ ተዘጋ፣ ሌላው ተከፈተ፣ ተረጋግቶ እንደሚፈልግ ሰው። ዶክተሩ ከኮሪደሩ “ኑሩ፣ ቆመ እኮ!” ብሎ ጮኸ፣ እኔም ከፍርሃቴ ንዴቴ በልጦ፣ መስመሩን ከፈትኩት፣ ማንን ነው የሚጠራው ብዬ።

ስሙን ገና ሳላነበው ከቺፑዱ ወዲያ ድምፅ መጣ። የእትዬ ብዙነሽ ድምፅ ነው ብዬ እንዳልልህ እሳቸው ሄደዋል፣ አይደለም እንዳልልህ እንደሳቸው ነው የሚጠራው።

“ፋጡማ ይማም።”

“አቤት!” አልኩ።

እመነኝ፣ አስቤ አይደለም፣ አፌ ነው። ወዲያው መስመሩ “መለሰ” አለ፣ ከኋላው የተሰለፈው ጥያቄ ሁሉ እየተግተለተለ አለፈ፣ ላብራቶሪው ተከፈተ፣ ፋርማሲው ተከፈተ፣ ዶክተሩ መጥቶ ጀርባዬን መታ አድርጎ ኮንትራትህ ታድሷል አለኝ። የካርድ ክፍሉን አስከፍቼ አላየሁም። አልቻልኩም።

በባጃጅ እየበረርኩ ቤት ስደርስ እናቴን መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ በደህና አገኘኋት። አብሽር ብላ አስቀመጠችኝና፣ እኔ ምንም ሳልነግራት እንዲህ አለችኝ፦

“ዛሬ ከደጅ ስሜን ጠሩኝ፣ ልጄ። እንደ ልጅነቴ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ዝም አልኩ፣ ማን እንደሆነ አላውቅማ። ኋላ አንተ አቤት ስትልልኝ ሰማሁህ፣ እሱም ሄደ። ማን ኖሯል?”

ጎረቤት ነው አልኳት።

ይኸው እናቴ አለች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ስኳሯም ወርዷል። ሲስተሙም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቆመም። ዶክተሩ ግን መከታተያው ሰርቨሩን ይጫነዋልና አጥፋው እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ እኔም ነገ እያልኩ እዚህ ደርሻለሁ። ያ መስመር እስካሁን አልተዘጋም፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። ፋጡማ ይማም፣ ተጠራ፣ መለሰ ይላል፣ ሦስተኛው፣ ገባ የሚለው፣ ባዶ ነው፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ ስገባ ማንንም ሰላም ሳልል መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።