አንዴ ደረቅ፣ ሁለቴ ያፈሳል

እመኑም አትመኑም፣ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ጣሪያው ዛሬም አለ። መሰላሉም እንደተደገፈ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ዝናብ የለም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉን አሙቃዋለች።

ባለቤቴ ተኝታለች። ሳንባዋን ታማለች። ሐኪሙ፣ እርጥበት ካገኛት ይህን ክረምት አትወጣውም ብሎኛል።

ቤቱ ደግሞ ያፈሳል... ያውም ትራሷ ላይ።

መጀመሪያ ክዳኑ ሸክላ ነበር። ጣሪያ ሠሪው ሸክላው አርጅቷል አለኝ። አውርደን ቆርቆሮ መታን።

አፈሰሰ።

ሁለተኛው ሠሪ መጥቶ የመጀመሪያውን ሲሰድብ ዋለ። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ያ ሰውዬ ውሃ መውረጃው ላይ መትቶታል አለ። ነቅሎ እንደገና መታው። ከስሩ ላስቲክ አነጠፈ፤ ከላይ ሬንጅ ቀባ።

አፈሰሰ።

አልጋውን ወደ በሩ ገፋሁት። ጠብታው ተከተለን።

ያን ቀን ሦስተኛ ሠሪ ጠራሁ። ይሄኛው ቀልደኛ ነው። "አባባ፣ ይሄ ቤት ከእርስዎ ጋር ተጣልቷል" ብሎኝ የውሃ ጎማ እየጎተተ ወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሱ ከላይ ውሃ ይለቅና ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ "እዚህስ?" ማለቱ ነው። እኔ ከስር ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት መትቼ እመልሳለሁ። አንዴ ከሆነ ደረቅ፤ ሁለቴ ከሆነ ያፈሳል።

አንኳኳ። ደረቅ ነው፤ አንዴ መለስኩ።

እሱ ግን ከዚያ ቦታ አልነቃነቅ አለ። እዚያው ውሃ ለቀቀ... እዚያው አንኳኳ። አንዴ መለስኩ። አሁንም እዚያው።

ደንቆሮ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ፣ አልኩ በሆዴ።

በመጨረሻ ተናዶ ወርዶ ገባ።

"አባባ፣ ይወስኑ እንጂ። ደረቅ ነው ወይስ ያፈሳል?"

"አንዴ ነው የመታሁት።"

"አንዴ ይመቱና... ትንሽ ቆይተው ይደግሙታል።"

አልደገምኩም።



ከላይ ተንኳኳ።

ሠሪው አጠገቤ ነው የቆመው።

ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ በሹክሹክታ፣ "መልስለት" አለችኝ። "አንተ ሳትኖር እኔ ነኝ የምመልስለት።"

ሠሪው መሰላሉን ጥሎ ወጣ። እስካሁን ሊወስደው አልመጣም።

በማግስቱ ባለቤቴን ልጃችን ቤት ወሰድኳት። የዚያ ቤት ጣሪያ ወፍራም ኮንክሪት ነው። ከላዩ የሚኖር ሰው የለም።

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። እዚያ አንዲት ጠብታ አልገባም። ሳሏም ቀለል አለላት። እኔም ቤቴ ሆኜ በስንት ጊዜዬ እንቅልፍ ተኛሁ።

ትናንት ከሰዓት ልጠይቃት ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"እንጨቱን ይዘህልኝ መጣህ?" አለችኝ።

"የምን እንጨት?"

"የመጥረጊያውን። ከጠዋት ጀምሮ እየጠየቀኝ ነው... እጄ አልደርስ አለኝ።"

ቀና አልኩ። ኮንክሪቱ ነጭ ነው። አንድ ስንጥቅ የለበትም።

ሬንጅ ሸተተኝ።

ነጩ ትራሷ ላይ፣ ጆሮዋ አጠገብ፣ አንዲት ጥቁር ጠብታ ጠብ አለች።

በጣቴ ነካኋት... ትሞቃለች።