ደፍ ላይ የፈሰሰ ውሃ

«አትንኪው አልኩሽ! ዛሬ ውሃውን የማፈሰው እኔ ነኝ፤ ያውም ቆሜ!»

የኔቬና አባት ራንጌል በአንድ እጁ የመዳብ ማሰሮውን፣ በሌላው የበሩን መቃን ይዞ ደፉ ላይ ውሃውን አፈሰሰ። በቡልጋሪያ ልማድ ለፈተና የሚሄድ ልጅ ያንን ተሻግሮ ይወጣል፤ ነገሩ ሁሉ እንደ ውሃ እንዲፈስለት። ከተሻገሩ በኋላ መመለስ ግን የለም።

ኔቬና ተሻገረች። ሦስት ደረጃ እንደወረደች ማሰሮው ወድቆ ሲንቋቋ ሰማች፤ ተከትሎም አባቷ ወደቀ።

«እንዳትዞሪ! ገድሽን ታበላሺዋለሽ!»

ዞረች። በብብቱ ይዛ ልታነሳው ሞከረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። እሷ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ፖስታ ተሸክሞ የጋብሮቮን ዳገት የወጣ ግዙፍ ሰው። ቀላል አይምሰላችሁ። እናቷ ፋብሪካ ናት፤ ጎረቤትም የለም። አቅም ሲከዳት እርጥቡ ወለል ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«በቋጣሪነቱ አገር ያወቀው የጋብሮቮ ሰው ሆኜ አንድ ማሰሮ ውሃ በነፃ ደፋሁ» አለ። «አያቶቼ ቢሰሙ ከመቃብር ይነሱብኛል!»

ሳቅ አልመጣላትም። የአባቷን እግር የሚያደክመው በሽታ የጀመረው ከጫማው ነበር። እግሩ መሬት እየፋቀ፣ የጫማው አፍንጫ ከተረከዙ ቀድሞ ያልቅ ጀመር። የሶፊያ ከተማ ሐኪሞች በዘር የሚወርድ ነው ብለዋል።

ከታች ወደ ፈተናው የሚወስዳት አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ።

«ሂጂ እንጂ! ለመሆኑ ፈተናው ስለ ምንድን ነው? አልነገርሽኝም እኮ።»

ያልነገረችው ሆን ብላ ነው።

«ስለ ፖስተኞች» አለች ቀስ ብላ። «ነርቭ ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስ ፕሮቲን አለ፤ ኪኔሲን ይሉታል። ሁለት እግር አለው አባዬ። አንዱ መንገዱን ጨብጦ ሲይዝ ሌላው ወደፊት ይራመዳል፤ ጭነቱን ከላይ ተሸክሞ።»

«ታዲያ የኔዎቹ ምን ነካቸው? ሰነፉ?»

«አልሰነፉም። መንገዱን የሚጨብጠው እግራቸው ሲፈጠር ቅርጹ ትንሽ ተዛብቷል። ስለዚህ ይንሸራተታሉ። ቅርብ ላለው ጭነቱ ይደርሰዋል። እግሬ ጋ የሚወርደው ነርቭ ግን ከሁሉም ይረዝማል… ማለቴ እግርህ ጋ። ሲጠብቅ ይኖራል፤ አይደርስለትም።»

ራንጌል እግሩን ዳሰስ አደረገ። «ምስኪኖች» አለ። «መድኃኒትስ?»

«የለም።»

አውቶቡሱ ሲሄድ ሁለቱም ሰሙት። ውሃው በደረጃው ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል።

«ያንቺስ እግር፣ የኔ ልጅ?» አለ፣ ዓይኑን ከማሰሮው ሳያነሳ።

«የኔማ ሯጭ ነው!» ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ስትለው ነበር የከረመችው። አሁንም ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አላወጣችውም።

ጎንበስ ብላ የቀኝ ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ከተገዛ ገና ሁለት ወሩ ነው። አወለቀችውና ተፍቆ ያለቀውን አፍንጫውን ወደ አባቷ አዙራ፣ እጁ ላይ አኖረችለት።