ወረቀት የጨረሰው ፕሪንተር

ኢንስፔክተር ገዲሴ ለቡ ወደሚገኘው ሕንፃ ተጠርታ ምድር ቤቱ ስትገባ የጄኔሬተር ጠጋኙ የከበበው አስከሬን ከደረጃው ሥር ተዘርግቶ ነበር። ሐኪሙ ጭስ አፍኖት መሞቱን ነግሯታል። እሷ ግን የሟቹን እጆች ደጋግማ አየች። እስከ አንጓቸው በጥቁር ዘይት ተነክረዋል። የመፍቻ ሣጥኑን፣ የደረጃውን ድጋፍ፣ የነካውን ሁሉ አጥቁሯል። የጄኔሬተሩ ቀይ ማጥፊያ ግን እንደ አዲስ ንጹሕ ነው።

ጥበቃው ሞልቱ በሩን ተደግፎ ያለቅሳል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እትዬ። ጎረቤት በጄኔሬተሩ ድምፅ ተማረረ፤ የምድር ቤቱን መስኮት ዘጋሁት።»

«ጄኔሬተሩንስ ማን አጠፋው?»

«እንጃ! ቢሮው ድንገት ሲጨልም ምን ሆነ ብዬ ወረድኩ፤ ጠፍቶ አገኘሁት። የሰፈሩ መብራት እንደሆነ ገና አልመጣም ነበር።»

ገዲሴ ወደ ፎቅ ወጣች። እዚያ ያለው ድርጅት የክሊኒኮችንና የሆቴሎችን ኔትዎርክ ከሩቅ ይከታተላል። መብራት ቢጠፋም ስክሪኖቹ በባትሪ ይሠራሉ። በዚያ ሕንፃ የዕለቱ ችግር የጥፋተኛ እጥረት አልነበረም፤ ቴክኒሽያኗ ሶፊም ገና ሰላም ሳትል ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ይሰሩኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው።»

«መጀመሪያ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ፕሮግራሙ የማያውቀው ዕቃ ሲመጣ ዕቃው የሚልከው ይህ ቁጥር ይህን ማለት ነው እያልን በጽሑፍ እናስተዋውቀዋለን። እኛ መታወቂያ ነው የምንለው፤ የምንጽፈውም እኔና አለቃዬ ብቻ ነን። ምድር ቤት ላለው የጋዝ ሴንሰር መታወቂያ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ የፕሪንተሩን ቀድቼ፣ እሱኑ አሻሽዬ። ዛሬ ጭሱ ሲሞላ ስክሪኑ ምን አለ መሰለዎት? "ፕሪንተር፦ ወረቀት አልቋል"!»

«ከዚህ በፊት በትክክል ሠርቶ ያውቃል?»

«በደንብ እንጂ። ጄኔሬተሩ በተነሳ ቁጥር ማስጠንቀቂያው እየጮኸ አሰልችቶን ነበር። ሰሞኑን ዝም ሲል ተገላገልኩ ብዬ ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።»

«ጽሑፉን ስታዪ ምን አደረግሽ?»

«ወረቀት ይዤ ፕሪንተሩ ወዳለበት ክፍል ሄድኩ። ሙሉ ነው። እሱን ስጎረጉር መብራቱ ድርግም አለ። ስመለስ ስክሪኑ "ምድር ቤት፦ አደገኛ ጋዝ" ይላል። ሮጬ ስወርድ ሞልቱ እየጮኸ ነበር። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ ሥራዬ የማይረባ ነው።»

አለቃዋ ኢያቄም በረጋ መንፈስ ተናገረ።

«ጎበዝ ልጅ ናት። ስሕተት ግን ያጋጥማል፤ ባይጨክኑባት ደስ ይለኛል። እኔ በሰዓቱ ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

ራሱን ያልወቀሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። ገዲሴ በሰው ጥፋት ላይ የሚቸር ርኅራኄ አይዋጥላትም። ሦስቱንም ስክሪኖቹ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሞልቱ መስኮቱን ዘግቷል፤ በዚያ ክፉ ሠራሁ ብሎ ይጸጸት። ቢሆንም ማስጠንቀቂያው ቢጮህ ኖሮ ሰው ይደርስለት ነበር። ሶፊ፣ አንድ መታወቂያ በትክክል ሲሠራ ከርሞ ራሱን በራሱ ይቀይራል?»

«አይቀይርም።»

«ተመልሶስ ራሱን ያስተካክላል?»

«አያስተካክልም» አለች ሶፊ።

«ስለዚህ ሰሞኑን አንድ ሰው የፕሪንተሩን መታወቂያ ለሴንሰሩ ሰጥቷል። ዛሬ አንቺ ፕሪንተሩ ጋ ሳለሽ ደግሞ መልሶታል። ይህን ማድረግ የምትችሉት አንቺና አለቃሽ ናችሁ። አንቺ ብትሆኚ ጽሑፉ ጋዝ ማለት መሆኑን ስለምታውቂ ወረቀት ታቅፈሽ አትሄጂም ነበር።»

«ታቅፋ በፊቴ ነው ያለፈችው» አለ ሞልቱ።

«ወደ ማጥፊያው እንምጣ። ከበበው ቢነካው ይጠቁር ነበር። ሞልቱ ሲወርድ ጠፍቶ አግኝቶታል። እንግዲህ እጁ ንጹሕ የሆነ ሌላ ሰው ቀድሞ ወርዷል። ወረቀት አልቋል የሚል ጽሑፍ አንብቦ ወደ ጄኔሬተር የሚሮጥ ማን ነው? መታወቂያውን የቀየረው ብቻ። አቶ ኢያቄም፣ ከወንበርዎ ተነስተዋል።»

ኢያቄም ላቡን ጠረገ።

«ጩኸቱ ደንበኞች ፊት አሳፈረን። ለጊዜው ዝም ይበል ብዬ ነው። ነገ እመልሰዋለሁ እያልኩ... ማንንም ልገድል አላሰብኩም።»

ሶፊ ከቀጠራት ቀን ጀምሮ አንቱ ስትለው ኖራለች።

«ስትወርድ» አለችው «ይተነፍስ ነበር?»

ኢያቄም አቀረቀረ።

«ይተነፍስ ነበር። መታወቂያውን ልመልስና ሰው ልጠራ ብዬ ወጣሁ። ጽፌ ስጨርስ ሞልቱ ሲጮህ ሰማሁ።»