ከሐራጅ የተገዛው ሣጥን

አቶ ወርቅአገኘሁ የሞቱት ትናንት ከሐራጅ በገዙት ሣጥን ላይ እንደ ተደፉ ነው። ግራ ጆሮ ግንዳቸው ጠቁሮ አብጧል፤ ደም ግን የለም። በሕይወት ሳሉ አሮጌ ማኅተም ወይም የተሸረፈ ብርሌ ሐራጅ ወጣ ሲባል ከሰሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። የደብረ ብርሃን ሰው «የአሮጌ አባት» ይላቸዋል። አንኮበር ድረስ ያመጣቸውም ይኸው አመላቸው ነው።

መቶ አለቃ ዘርአ ዳዊት ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ተጭኖ ሲደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። መቀመጥ የማይወድ ሰው ነው፤ በርጩማ ቢቀርብለት በእግሩ ገፋ አድርጎ ይንጎራደዳል። በዚያ ላይ ሾፌሩ ጉም መንገዱን ሳይዘጋብን ብሎ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ አልጠብቅም ብሏል።

በሩ ላይ አንድ ቄስ ቆመው ነበር። መስቀላቸውን ዘረጉለት። ግንባሩን ሲነካው ብርዱ ተሰማው፤ ተሳልሞ አለፈ።

«ገዳዩ ተይዟል ጌታዬ» አለ አስር አለቃ ብርሃነ መስቀል ደረቱን ነፍቶ።

«ማን ያዘው?»

«እኔ።»

«ሲገድል?»

አስር አለቃው አመነታ። «ሲሰግድ» አለ።

ከምሰሶው ጋር የታሰረው ዓወል የተባለ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። ትናንት ለዚያ ሣጥን ከሟቹ ጋር ዋጋ ሲሰቅሉ ሲሰቃቀሉ ውለው በመጨረሻ ተሸነፈ። «አይባርክልህ» ሲል ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ዱላም አለው። እንግዲህ ለአስር አለቃው ከዚህ በላይ ምን ይምጣለት? መኪናው ሲመለስ ዓወልም አብሮ ይጫናል፤ አንድ ጊዜ ታስሮ ከሄደ ደግሞ መጨረሻው ስቅላት መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። ከንፈሩ ደርቋል።

ዘርአ ዳዊት ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። በጥቁሩ ካባ ትከሻ ላይና በጠጉራቸው ውስጥ ነጭ ብናኝ አየ። የግድግዳ ኖራ ነው እንዳይል ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው። በጣቱ አነሣና በመሐረቡ ጠቀለለው። ከሣጥኑ ውስጥ የብር የልብስ ቁልፎች፣ አንድ ማኅተም፣ ዶቃና የቀንድ ማንኪያ ነበሩ። የብሩ ዕቃ አንዱም አልተነካም። ይህ አላስደሰተውም።

ወይዘሮ ደመቀች ሻይ አስቀዳችለት። ቤቱ የአባቷ የቀኛዝማች ነው። እሳቸው ሲሞቱ ወራሾቹ በክፍፍሉ አልስማማ ብለው ፍርድ ቤት ዕቃውን በሐራጅ አሸጠው። ዘርአ ዳዊት አንዴ ፉት አለና ስኒውን አስቀመጠ። ሻዩ ጨው ጨው ይላል። «ስኳርና ጨው የማትለይ ሠራተኛ ናት» ሲል በሆዱ ታዘበ።

«ማታ እዚህ ማን ነበር?»

«ራት አብረን የበላነው አራት ነን። እኔ፣ ሟቹ፣ ዓወልና የንስሐ አባቴ መምሬ ወልደአረጋይ። የደብሩ ገበዝ ናቸው። በሩ ላይ ያገኙዋቸው።»

«ከዚያስ?»

«አቶ ወርቅአገኘሁ ሣጥናቸውን ለማየት ቸኩለው ወደ እልፍኙ ገቡ። ዓወል ወደ እንግዳ ማረፊያው ወረደ። መምሬ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኋላ ሠራተኛዋን እግራቸውን እንድታጥብ ላክኋት፤ በር ላይ ብትጣራ መልስ የለም። ተኝተዋል ብላ ተመለሰች።»

«ሣጥኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«የአባቴ ልብስ ቁልፎች ናቸው ዓይኔ የገቡት። አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገርም ነበር። አባቴ አያስነኩንም ነበር።» ጨርቁን ዘርአ ዳዊት አላየውም። «ከአባትዎ ዕቃ ለደብሩ የሰጣችሁት አለ?» አላት። «ምን ብለን! ደብራችን ድሃ ነው፤ ካህናቱ የወይራ መስቀል ይዘው ነው የሚያሳልሙን» አለችና እንባዋን ጠረገች።

ወደ ዓወል ሄደ።

«ለዚያ ሣጥን ያን ያህል የተጣላችሁት ለምንድን ነው? ለብሩ?»

«ወላሂ ለብሩ አይደለም ጌታዬ። አንድ አሞሌ ጨው ነበረበት፤ በልጥ እንደ ታሰረ፣ ጫፉ እንኳ ያልተሸረፈ። አያቴ ጨው ከቆላ በግመል ሲያወጣ የኖረ ነው። ዛሬ ሙሉ አሞሌ የት ይገኛል? ለልጆቼ ላሳያቸው ብዬ ነው።»

ዘርአ ዳዊት መንጎራደዱን አቆመ። «አሞሌ?»

«የክንድ ግማሽ ይሆናል። ድንጋይ ማለት ነው። ጌታዬ፣ ውኃ ስጡኝ።»

አስር አለቃው በር አጠገብ ካለው ጋን በጣሳ ቀድቶ ሰጠው። ዓወል ጠጣና ተፋው። «ይህንንም ልትነፍጉኝ ነው?» አለ በቁጣ። መቶ አለቃው ጣሳውን ነጥቆ ራሱ ቀመሰው። ከዚያ መሐረቡን ፈትቶ ብናኙን ምላሱ ላይ አደረገ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ዘርአ ዳዊት ጣሳውን እንደ ያዘ መምሬ ወልደአረጋይ ወደ ቆሙበት ሄደ።

«አባ፣ ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል። ውኃ ይቅመሱ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ቅዳሴ ስላለብኝ አልቀምስም።»

«ማታ ከራት በኋላ የት ሄዱ?»

«በቀጥታ ወደ ቤቴ።»

«ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አይተዋል?»

«እኔ የዓለም ዕቃ ምን ያደርግልኛል» አሉ መምሬ።

መቶ አለቃው ሁሉንም እልፍኙ ውስጥ ሰበሰበ። ጋኑን አስመጥቶ መካከል ላይ አስቀመጠ። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ፤ አስር አለቃው ወደ በሩና ወደ ታሳሪው እያየ ተቁነጠነጠ።

«ዓወል የትም አይሄድም» አለ ዘርአ ዳዊት። «ስሙኝ። ሟቹ በዱላ አልተመቱም። ዱላ ጨው አያራግፍም። ጠጉራቸው ውስጥ ያገኘሁት ብናኝ ጨው ነው። ከሣጥኑ የጎደለውም አሞሌው ነው። ብሩን ትቶ ጨው የሚሰርቅ ሌባ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ የወሰደው ሊጠቀምበት ሳይሆን ሊያጠፋው ነው።»

እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ጋኑ ውስጥ ሰደደ። እርጥብ ልጥና በልጡ መሐል የተያዘ የሟሟ የጨው ቁራጭ ይዞ ወጣ። ደመቀች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ገዳዩ መትቶ ሳይወጣ ሠራተኛዋ በር ላይ ደረሰች። እስክትመለስ ጠበቀና ሲወጣ በእጁ የያዘውን መጀመሪያ ያገኘው ጋን ውስጥ ጨመረው። ጧት ላይ ሻዩ ጨው ሆነ። እኔ ጠጣሁት። ዓወል ጠጥቶ ተፋው፤ ቢያውቅ አፉ አያስገባውም ነበር። ወይዘሮ ደመቀችም ብታውቅ ኖሮ ከዚያ ጋን ለመርማሪ ሻይ አታፈላም። ውኃውን ሳይቀምስ የመለሰ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ቅዳሴ አለብኝ ብያለሁ እኮ» አሉ መምሬ።

«ብለዋል አባ። ሁለት ወር ሙሉ በዐቢይ ጾም ከቀትር በኋላ ሲቀድሱ ስለ ሰነበቱ ከአፍዎ አምልጦ ወጣ። አሁን ግን ፋሲካ ካለፈ ሁለተኛው ሳምንት ነው። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፤ ቅዳሴም በጧት ያልቃል። በቀትር የምን ቅዳሴ ነው?»

መምሬ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«አስር አለቃው የሁሉን ጓዝ በርብሯል። አንድ ቦታ ግን እጁ አልደፈረም። አባ፣ ያሳልሙኝ።»

ቄሱ መስቀሉን ዘረጉ። ዘርአ ዳዊት ተሳለመው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደውና ገለበጠው። ብር ነው። በጀርባው የደብሩ ስም ተቀርጿል።

«የዚህ አገር ካህን የወይራ መስቀል ነው የሚይዘው። ይህ ትናንት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሁላችንም ተሳልመነዋል።»

መምሬ ወልደአረጋይ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«ወደ ዕቃ ቤቱ ልመልሰው ነበር» አሉ። «በጠላት ጊዜ ገበዙ አባቴ ነበሩ። መስቀሉ የጠፋው በእጃቸው ነው። ልጅ ሆኜ ማታ ይዘውት ሲወጡ አይቻለሁ፤ ሃያ ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ። ትናንት ማታ ተመልሼ እልፍኙ ገብቼ፣ ጨርቁ ተፈቶ ሳየው ለቀኛዝማች እንደ ሸጡት ገባኝ። በጸጥታ ስጡኝ ብዬ አቶ ወርቅአገኘሁን ለመንኋቸው። ‘ለእሑድ በጉባኤ እመልሰዋለሁ፤ ዕቃ ታሪኩ ካልተነገረ ብረት ነው’ አሉኝ። አባቴ በሰማንያ ዓመታቸው በሕዝብ ፊት ሌባ ሊባሉ ነው። እጄ ላይ የነበረው ያ ጨው ነው።»

ዓወል እጁ ሲፈታ እንኳ ዓይኑን ከቄሱ አልነቀለም። «መምሬ፣ እኔን ሲጭኑኝ ዝም ብለው ሊያዩኝ ነበር?»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ዞረው «አባቴ እንዳይሰሙ» ብለው ለመኑት።

መቶ አለቃው ግን የአባታቸውንም ቃል መቀበል ነበረበት። አባ ገብረመንፈስቅዱስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ሰንብቷል። ዘርአ ዳዊት መስቀሉን እጃቸው ላይ አደረገላቸው። ጣታቸው ጽሕፈቱን ዳሰሰ፤ ፊታቸው በራ።

«መጣ? የቀኛዝማች ወራሾች በመጨረሻ መለሱት?»

«ለቀኛዝማች የሸጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ እጅ ብቻ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ መክረው ነው። ገደል ውስጥ የተሸሸገው ሰው በረሃብ ሊያልቅ ሆነ፤ በዚህ መስቀል ሃያ ቁና ገብስ ገዛን። ቀኛዝማችም ቀን ሲወጣ እመልሳለሁ ብለው ምለው ነበር። ሳይመልሱ ሲቀሩ፣ ስማቸው እንዳይጠፋ ብለን ዝም አልን። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ልጅዎስ ያውቃሉ?»

«ወልደአረጋይ?» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ጠይቆኝ አያውቅም፤ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አሁን የት ነው? ጥሩልኝ፣ ይምጣና ይሳለመው።»

ከታች ሾፌሩ መምሬን ጭኖ ሞተሩን አስነሥቷል። መቶ አለቃው እጃቸውን ያዘ፤ ያን ሁሉ ነገር እልፍኙ ውስጥ ደረጃ በደረጃ የተናገረ ሰው፣ ለእሳቸው ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።