ከኋላ የታሰረው ሰንሰለት

«አባዬ፣ ዛሬም ከኋላ ነው የምታስረው?»

ኦግንያን ቀና አላለም። የመኪናዋ የኋላ ጎማ ሥር ተንበርክኮ፣ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጎማ ላይ የሚታሰረውን፣ በብርድ የደረቀ ሰንሰለት በፓራፋንጎው በኩል ለማሾለክ እየታገለ ነበር። ስቪለና አካፋዋን በረዶው ላይ ሰክታ ቆመች። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው በረዶ ጠዋት ላይ ቢያባራም፣ ከቀትር በኋላ ሌላ እንደሚመጣ ሬዲዮው ተናግሯል። ያኛው ከመጣ ደግሞ በረዶ ጠራጊው መኪና እስከ ነገ ወደ መንደራቸው አይወጣም።

«እየጠየቅኩህ እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ። አንቺ የግቢውን በር ጥረጊ።»

እናቷ ኔቬና የልብስ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ በረንዳው ላይ ቆማለች። ዘጠነኛ ወሯን ጨርሳለች። ሐኪሟ ዛሬ ስሞልያን ከተማ ወርዳ ሆስፒታል እንድትተኛ አዟታል። ከንጋት ጀምሮ «ምጥ አይደለም፣ ወገቤን ነው» ትላለች፤ ግን በየግማሽ ሰዓቱ የበሩን መቃን ጨብጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስሞልያን ለመድረስ ደግሞ በቀበሮ መታጠፊያ ማለፍ ግድ ነው።

መኪናዋ ባለፈው ቅዳሜ ቦይ የገባችው እዚያው መታጠፊያ ላይ ነበር።

ያን ቀን ሰንሰለቱን ያሰረችው ስቪለና ናት። አባቷ ጓንቱን ፍለጋ ወደ ቤት ሲገባ «ከኋላ እሰሪው፣ መንጠቆውን አጥብቂ» አላት። እሷም ከኋላ አሰረች፣ መንጠቆውንም አጠበቀች። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አባቷ መሪውን ወደ ግራ ቢጠመዝዝ፣ መኪናዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ቀጥ ብላ ወደ ቦዩ ሄደች። ስቪለና ልትገፋ ወርዳ ነው ነገሩን ያየችው። የፊት ጎማዎቹ በባዶ እየተሽከረከሩ በረዶውን ይረጫሉ፤ ሰንሰለት የታሰረባቸው የኋላዎቹ ግን እንደተኛ በሬ ንቅንቅ አይሉም።

በማግስቱ ዳቦ ልትገዛ ጋሽ ኮልዮ ሱቅ ሄደች። ሱቁ ውስጥ ምድጃው ዙሪያ አምስት ወንበሮች አሉ። በክረምት የመንደሩ ወንዶች ከዚያ አይነሱም፤ ሴትና ልጅ ግን ዳቦውን ይዞ ይወጣል እንጂ አይቀመጥም። በሩን ገፋ ስታደርግ የአባቷን ድምፅ ሰማች።

«ልጅቷ ናት ያሰረችው። መንጠቆውን ሳታጠብቀው ቀርታ…»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ ጋሽ ኮልዮ። ሁሉም ሳቁ። አባቷ በሩ ላይ ቆማ አያት፤ ዓይኑን ወደ አረቄው ብርጭቆ ሰበረ። ከዚያ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ሰኞ ዕለት ወሬው ትምህርት ቤት ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት። የጋሽ ኮልዮ የልጅ ልጅ አሰን፣ ክፍል በገባች ቁጥር «ጎማችሁን ደብቁ፣ መካኒኳ መጣች» ይላል። አብራት የምትቀመጠው ልጅ እንኳ «ሼም ነው በናትሽ፣ አባትሽን ልትጨርሺው ነበር እኮ» አለቻት። ሳምንቱ እንዲህ አለፈ። እናቷ በዚህ ሁኔታዋ መናደድ የለባትም ብላ ስቪለና ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ዝም ባለች ቁጥር ግን አንጀቷ እያረረ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማታ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ይዛ አባቷ ዘንድ ቀረበች። መጽሐፉ በጀርመንኛ ነው፤ ሥዕሉን ለማየት ግን ጀርመንኛ ማወቅ አያስፈልግም። ሰንሰለቱ የተሳለው የፊት ጎማዎቹ ላይ ነው።

«ይሄ ለጀርመን መንገድ ነው» አለ አባቷ። «እኔ ያቺን የሩሲያ መኪና፣ ሞስክቪቼን፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ተራራ ላይ ነድቻለሁ። አንድ ቀን ከፊት አስሬ አላውቅም።»

«ይቺ እኮ ሞስክቪች አይደለችም። የምትሄደው በፊት ጎማዋ ነው።»

ብድግ ብሎ ወጣ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

አሁን የግቢው በር ተከፈተና ጋሽ ኮልዮ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ገቡ። መኪናዋን ለመግፋት ነው የመጡት።

«ኦግንያን፣ ድንቹን ጭነሃል?»

«ሁለት ጆንያ።»

በዚህ መንደር ክረምት ሲገባ መኪና ሁሉ ከኋላው ድንች ይጫንለታል። ሞስክቪች የምትሄደው በኋላ ጎማዋ ስለነበር ክብደቱ መሬቱን በደንብ ያስይዛት ነበር። ሞስክቪቾቹ ካለቁ ዓመታት አልፈዋል። ድንቹ ግን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየተዛወረ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

«እህቴ የላከቻቸው ካልሲዎችስ?» አለች ኔቬና ከበረንዳው። ከጀርመን የተላኩት የጨርቅ የጎማ ልባሶች እንደታሸጉ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠዋል። «ቶሎ ይገባሉ ብላኝ ነበር።»

«ካልሲ የሚደረገው እግር ላይ ነው፣ የኔ እመቤት» አሉ ጋሽ ኮልዮ፣ አባቷም ፈገግ አለ።

ስቪለና ግን ለእናቷ መለሰችላት። «አዲስ በረዶ ላይ ጥሩ ናቸው፣ እማዬ። መታጠፊያው ላይ ግን ከሥር ግግር በረዶ ነው፤ ጠጠርም ተበትኖበታል። ጨርቁ እዚያ ሳይደርስ ተበጣጥሶ ያልቃል። የሚያስፈልገው ሰንሰለቱ ነው፤ ከፊት።»

«መካኒኳ ተናገረች» አሉ ጋሽ ኮልዮ።

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፦ ከኋላ እሰሪ ያልከኝ አንተ ነህ፣ ውሸታም። አባቷን አየችው። ጆሮው ቀልቷል። እልኸኛ መሆኑን ታውቃለች። አሁን ሰው ፊት ብታዋርደው፣ ትክክል መሆኑን ለማሳየት ብቻ እናቷን ጭኖ ሰንሰለቱ ከኋላ እንደታሰረ ይነዳል። ስለዚህ ቃሉን ዋጠችው። ለእሱ አዝና አይደለም።

«እሺ፣ መጽሐፉን ተወው» አለች። «አስነሳና አንደኛ ማርሽ አስገባ። እዚሁ ግቢ ውስጥ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«ለጨዋታ ጊዜ የለኝም።»

«ኦግንያን» አለች እናቷ። የበሩን መቃን እንደገና ጨብጣለች። «እዚያ ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አስነሳ።»

ገባ፣ አስነሳ፣ ማርሽ አስገባ። የፊት ጎማዎቹ እያፏጩ ተሽከረከሩ፤ በረዶው የጋሽ ኮልዮን ቦት ጫማ ሞላው። የኋላዎቹ ሰንሰለታቸውን እንደለበሱ ጭራሽ አልተንቀሳቀሱም።

«ጠንከር አድርገህ እርገጥ» አለች ስቪለና።

ረገጠ። መኪናዋ ከድንቹ ክብደት የተነሳ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ጮኸች እንጂ አንድ ስንዝር አልሄደችም። ጋሽ ኮልዮ ጎንበስ ብለው የፊቱን ጎማ አዩ፣ ዞረው የኋላውን አዩ። አካፋቸውን ተደገፉ።

«ታዲያ ቅዳሜ ዕለት…» ብለው ጀመሩ።

«ጊዜ የለንም አልኩ» አለ አባቷ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

ስቪለና ሰንሰለቱን መፍታት ጀምራለች። ብረቱ ጣቶቿን ይቆነጥጣል። አባቷ አጠገቧ መጥቶ ሁለተኛውን ጎማ ያዘ። የድንቹን ጆንያዎች ጎትታ በረዶው ላይ ስትጥላቸው ማንም አልከለከላትም። ሰንሰለቶቹን የፊት ጎማዎቹ ላይ አልብሳ፣ መንጠቆውን ሁለቱንም ጎን በራሷ እጅ አጠበቀች። ዞራም ደግማ አየቻቸው።

«ሃምሳ ሜትር ከሄድክ በኋላ ቁምና እንደገና አጥብቀው። ይላላል።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም» አለችው።

እናቷን አቅፋ ሳመቻትና በሩን ዘጋችላት። መኪናዋ ሰንሰለቷን እያንኳኳች ዳገቱን ያለማንም ግፊት ወጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። አባቷ ወርዶ ጎማዎቹ ሥር ጎንበስ ሲል ስቪለና ከሩቅ አየችው።

«በቃ፣ ነገሩ እዚሁ ይቅር» አሉ ጋሽ ኮልዮ ቀስ ብለው። «አባትሽ ነው። የቤት ገበና ደጅ አይወጣም።»

«ደጅ ያወጣው እሱ ነው፣ ጋሽ ኮልዮ። እርስዎ ሱቅ ውስጥ።»

ሽማግሌው አካፋቸውን አንስተው ሄዱ።

ከቀትር በኋላ እንደተባለው በረዶው ጀመረ። በመንደሩ ስልክ የሚሰራው ሱቁ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ስቪለና እዚያ ሄዳ ዳቦ መደርደሪያው አጠገብ ቆመች። አራት ወንዶች ምድጃውን ከበዋል፤ አምስተኛው፣ የአባቷ ወንበር፣ ባዶ ነው። ዳቦ የሚደረድረው አሰን አያትና አፉን ከፈተ።

«ጎማችሁን…»

«ዝም በል አንተ» አሉት አያቱ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ስቪለና መታጠፊያውን፣ ቦዩን፣ የእናቷን እጅ መቃኑ ላይ እያሰበች ጥፍሯን ስትበላ ቆየች። በመጨረሻ ስልኳ ጮኸ።

«ደርሰናል» አለ አባቷ። ድምፁ ደክሞታል። «ምጥ ነበር። አስገብተዋታል፣ ደህና ናት። መታጠፊያው ላይ ሰንሰለቱ ያዘ። ምንም አላንሸራተታትም።»

እንባዋ መጣ። ንዴቱ ግን አልወጣላትም።

«ስቪለና፣ ኮልዮ እዚያ አለ? እስቲ ስጪኝ። ለብቻው የምነግረው ነገር አለኝ።»

ጋሽ ኮልዮ ስማቸውን ሰምተው እጃቸውን ዘርግተዋል። ስቪለና እጃቸውን አየች። ስልኩን ብትሰጣቸው ወደ ጓዳ ገብተው ሁለቱ ወንዶች በሹክሹክታ ይጨርሱታል። ጋሽ ኮልዮ «እሺ፣ እሺ» ይላሉ፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ስትሄድ እሷ ያው መካኒኳ ናት።

ድምፅ ማጉያውን ተጫነችና ስልኩን ከምድጃው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ብርጭቆዎቹ መሃል አስቀመጠችው።

«ሁሉም እየሰሙህ ነው፣ አባዬ» አለች። «ተናገር።»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተንጣጣ። አሰን ዳቦ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ቅዳሜ ዕለት» አለ አባቷ፣ «ሰንሰለቱን ከኋላ እሰሪ ያልኳት…»

ስቪለና የአባቷን ወንበር ወደ ምድጃው ስባ ተቀመጠች።