ከበዳሳ ስም ስር የጠፉት መስመሮች

ጡረተኛው መምህር ፈዬራ አምቦ በሚገኘው ቤታቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ተገኙ። ሐኪሙ መሬት የወደቀውን ጋቢ አንስቶ፣ «በዚህ ታፍነው ነው፤ ትናንት ማታ» አለ። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ በሩም አልተሰበረም።

ኢንስፔክተር ጊፍቲ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። መምህሩ ይጽፉት የነበረው፣ በደርግ ጊዜ ተወስደው የቀሩ የምዕራብ ሸዋ ሰዎች መጽሐፍ ማውጫ ነው። ወረዳው ሲነካ ከተማ፣ ከተማው ሲነካ ስም ይዘረገፋል፤ ከስሙ ስር የተወሰደበት ቀን፣ ከዚያ የጠቆመበት ሰው፣ ከሁሉም በታች የተቀበረበት ቦታ። ስሞቹ ሲበዙባት ክፍሉ በሰው የተሞላ መሰላትና ፈራች። ጊንጪ ላይ፣ በዳሳ ከሚለው ስም ስር ግን ባዶ ነው።

የበዳሳ ሚስት አዴ ጉዴ መርዶውን ሰምተው ከጊንጪ መጥተው ደጅ ቆመዋል።

«ሠላሳ አምስት ዓመት መቃብሩን ስጠይቅ ኖርኩ። ፈዬራ ‹በዚህ ሳምንት እነግርሻለሁ› ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ማንን ልጠይቅ?»

ጊፍቲ፣ ወደ መምህሩ ቤት ሰተት ብለው የሚገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ በየተራ ጠየቀቻቸው።

ማውጫውን የምትሠራው ባየሽ ዓይኗ አብጧል። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ማውጫው ሦስት እርከን ነበር፤ ወረዳ፣ ከተማ፣ ስም። ለወንድማቸውና ለጎረቤታቸው አትመን የሰጠናቸውም እሱኑ ነው። የታችኞቹን ጋሼ ማታ ራሳቸው ሊጨምሩ ነበር። የየሰውን ገጽም ደብቀው ነው የተየቡት።»

የመምህሩ ወንድም ጉርሙ አልተሸማቀቀም። «ተጣልተናል፣ አልዋሽሽም። ቤቱን የሞተ ሰው ሞላው፣ ይቅርብህ አልኩት። ከስም ዝርዝሩ በቀር ምንም አላሳየኝም።»

የመምህሩ ጎረቤት ኦቦ ጋሮማ፣ የቀድሞ የቀበሌ ጸሐፊ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተከዙ።

«እኔ ያየሁት የሰጠኝን ወረቀት ብቻ ነው፣ ልጄ። የሞተን ስም መመዝገብ ደግ ነው። ከስሙ ስር ማን ጠቆመ፣ የት ተቀበረ እያሉ መቆፈር ግን ምን ይሉታል?»

ከሰዓት በኋላ ጊፍቲ አዴ ጉዴን ጨምራ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የበዳሳን መስመሮች ያጠፋው ሰው ገጹም አብሮ የጠፋ መስሎታል። ማውጫ ግን መንገድ ነው፤ መንገዱ ቢዘጋ ቤቱ አይፈርስም። ይህን ባየሽ አሳምራ ታውቃለች፤ ስለዚህ እሷ አይደለችም። አቶ ጉርሙ የሚያውቁት ስሞቹን ብቻ ነው። ለኦቦ ጋሮማ የተሰጠው ወረቀትም ከስም አያልፍም። ኦቦ ጋሮማ፣ የታችኞቹ እርከኖች የተጨመሩት ባየሽ ከወጣች በኋላ ነው። እርስዎ የት አዩዋቸው?»

ጊፍቲ ኮምፒውተሩ ላይ ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈተች የበዳሳን አገኘችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«የጠቆመበት፦ ያኔ የጊንጪ ቀበሌ ጸሐፊ የነበረው ጋሮማ። የተቀበረበት፦ ዛሬ ሲመጣ ይህን አሳይቼ እጠይቀዋለሁ።»

ጉርሙ ዘሎ ተነሳ፤ አንድ ፖሊስ ያዘው። የጋሮማ ከዘራ ወደቀ።

«አጥፋው ብዬ ለመንኩት» አሉ። «እምቢ አለኝ። የልጅ ልጆቼ ስሜን እዚያ እንዲያነቡት አልፈለግኩም።»

አዴ ጉዴ ለምን አላሉም፤ አልተሳደቡም። ቀረብ ብለው የሽማግሌውን ፊት አዩ።

«ጋሮማ፣ የት ነው ያለው?»

«ጭልሞ ጫካ። ከወንዙ ማዶ፣ መንታው ጥድ ስር።»

አዴ ጉዴ መሬት ተቀመጡ። ጊፍቲ ልትደግፋቸው ስትል እጇን ያዟት።

«ቦታውን አውቀዋለሁ» አሉ። «ልጆቹን በእንጨት ለቀማ ነው ያሳደግኳቸው። ሸክሜን አውርጄ የማርፈው እዚያ ነበር።»