ሁለት መርፌ

ሁለተኛው ቡጢ የኪሩን የላይኛ ከንፈር ሰነጠቀው። ፀደይ ደሙን እያየች ሦስተኛውን ጨመረችለት። የዘጠነኛ «ለ» ተማሪዎች ከበው ይጮኻሉ፤ የሚገላግል ግን የለም። ፀደይ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም። አንድ ቀን ረስታ ስትስቅ ኪሩ ፎቶ አነሳት፤ ድዷን አጉልቶም የቴሌግራም ስቲከር ሠራባት። ከሥሩ «ድድ ብቻ» ይላል። ክፍሉ ሁሉ እሱን ሲላላክ ዋለ።

«ገደልሽው እኮ!» ጓደኛዋ ትዕግስት ጎትታ አነሳቻት። «ስሚኝ፣ ቅዳሜ እህቴ ጸጉር ቤት እንሄዳለን። ቦቶክስ ትወጋሻለች። ሁለት መርፌ ብቻ! ከንፈርሽን የሚያነሳው ጡንቻ ይደክማል፣ ስትስቂ ድድሽ አይታይም።»

«የጥርስ ሐኪም ጠይቄ አሥራ ስምንት ካልሞላሽ አይሆንም ብሎኛል።»

«ባክሽ አታካብጂ። እህቴ ዕድሜ አትጠይቅም።»

ቤት ስትገባ እናቷ ዝናሽ ያበጠ እጇን በጨው ውሃ ነከረችላት። ፀደይ ስለ መርፌውም ጭምር ሁሉንም ዘረገፈችው። ዝናሽ ሳቀች። ያደገችው መካነ ብርሃን ነው፤ ድዷ በውቅራት፣ በመርፌ ንቅሳት፣ ጠቁሯል፤ ስትስቅም ሸፍናው አታውቅም።

«ምን ያስቅሻል?» ፀደይ ተናደደች።

«በኛ ጊዜ ድድ እንዲታይ ነበር የምንወጋው። እናንተ ደግሞ እንዳይታይ!» ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንቢ ብዬ ብሸሽ ከበረት ጎትተው አወጡኝ። አንዷ ጭንቅላቴን፣ ሁለቱ እጄን፣ አንዷ እግሬን ያዙኝ። ወቃሪዋ መርፌዎቹን ባንድ አስራ ድዴን ጠቀጠቀችው፤ ደሙ እያነቀኝ ጥቀርሻ ለቀለቀችበት። ሸጋ ሆንሽ አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስኩም።» እጇን አደራረቀችላት። «እኔን ይዘው ነው። አንቺን ማን ያዘሽ ልጄ?»

ፀደይ እጇን ነጥቃ ተነሳች። ጥያቄው ይብስ አናደዳትና ቅዳሜ ሄደች።

የትዕግስት እህት ጸጉር ቤቱ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠቻት። ጽሑፉ ከተላጠ ብልቃጥ መድኃኒት ቀዳች። ፀደይ ፊቷን ዞር ስታደርግ ተቆጣች።

«አትንቀሳቀሺ! ትዕግስት፣ ጭንቅላቷን ያዥልኝ።»

ሁለት እጆች ግንባሯንና አገጯን ጨመቋት። መርፌው አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ ፀደይ ከበረት የተጎተተችውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሰበች። አገጯን የያዘውን እጅ በሙሉ ጥርሷ ነከሰችው። ትዕግስት ጮኸች፤ ብልቃጡ ወድቆ ተሰበረ።

«አብደሻል እንዴ!» አለች የተነከሰ እጇን ይዛ።

«ስለነከስኩሽ ይቅርታ» አለች ፀደይ። «ግን አልፈልግም።»

ሰኞ ኪሩ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሲያያት ፊቱን በክንዱ ከለለ።

«ስቲከሩን አጥፍቼዋለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። ከንፈሩ አብጦ ወደ ላይ ተገልብጧል። «ደግሞም ተበቅለሽኛል። አሁን የኔም ድድ ይታያል።»

እውነቱን ነው። ፀደይ ልትስቅለት አልፈለገችም፤ ሳቁ ግን አመለጣት። እጇ እንደ ልማዱ አፏን ሊሸፍን ተነሳ። ጣቷ ላይ የኪሩ ጥርስ የላጠው ቦታ ገና ቅርፊቱ አልረገፈም። እጇን አየችውና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።